ሠላሳኛው ቀረሮ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በጥቅምት ማገባደጃ ላይ ነው። እኔ በቀላሉ የማምን ሴት አይደለሁም። ቡዳ ሲሉ እስቃለሁ፣ ሕልም አላስፈታም። ይህችን ግን እስከ ዛሬ ስቄ ማለፍ አልቻልኩም።

ሥራዬ የደን ዛፎችን ዘር ማጥናት ነው። ከየዛፉ ቅጠል እንወስድና የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ በቤተ ሙከራ እናያለን። ዘር ከጥቂት ዛፎች ብቻ ከተለቀመ ችግኙ ሁሉ የአንድ ቤት ልጅ ይሆናል፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። ስለዚህ በእኛ ሥራ ለጥበቃ የሚመረጥ ጫካ ቢያንስ ሠላሳ ተራርቀው የቆሙ፣ ዘር የሚለቀምባቸው እናት ዛፎች እንዲኖሩት ይፈለጋል። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ያላት ትንሽ ቆርቆሮ በሚስማር እንመታለን።

ከሸኮ ወደ ቴፒ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ጫካ ውስጥ ቀረሮ የሚባለውን ረጅም ዛፍ ስንፈልግ አሥር ቀን ሰነበትን። ሃያ ዘጠኝ ላይ ቆመብን። ሠላሳ ካልሞላ ጫካው የሚጠበቁ ደኖች ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ካልገባ ደግሞ ለቡና እርሻ ሊመነጥሩት የሚጠብቁ ነበሩ። የቀረን አንድ ቀን ብቻ ነው።

መንገድ መሪዬ ጋሽ አደሎ የሚባሉ ንብ አናቢ ነበሩ። ቀፏቸው ሁሉ የተሰቀለው እዚያው ጫካ ዛፎች ላይ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቀውኝ ነበር።

«ልጄ፣ ጫካ ውስጥ ስም አይጠራም። ከተጠፋፋን እኔ በገጀራ ጀርባ ግንድ ሦስቴ እመታለሁ። አንቺም ስትሰሚ ምቺ። ስምሽን የጠራ ካለ አቤት እንዳትይ።»

«ለምን?» አልኳቸው።

«የሚጠራው ሰው ላይሆን ይችላል።»

እሺ ብዬ አለፍኩ። በሆዴ ግን ስቄባቸዋለሁ።

በመጨረሻው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ጉም ወረደ። በዚያ አገር ጉም ብርቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን የገዛ ጫማዬ እንኳ በደንብ አይታየኝም ነበር። እጄ በሥራ ስለሚያዝ መረጃውን በስልኬ የመቅዳት ልማድ አለኝ። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው እየተናገርኩ ቀና ስል ጋሽ አደሎ የሉም።

ትንሽ ቆይቶ በስሜ «ትዕግስት!» ሲሉኝ ሰማሁ። ጎርነን ያለው የእሳቸው ድምፅ ነው፣ ከቁልቁለቱ በኩል። ደስ ብሎኝ «አቤት! መጣሁ ጋሽ አደሎ!» አልኩና መውረድ ጀመርኩ። ደግመው ጠሩኝ። ደግሜ አቤት አልኩ። ከሥር የወንዝ ድምፅ ይሰማኛል።

ያኔ ከኋላዬ ግንድ ተመታ። ሦስት ጊዜ።

ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ጋሽ አደሎ በእነዚያ አሥር ቀናት አንድም ጊዜ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ልጄ» ነው የሚሉኝ። ፊት ለፊቴን በእግሬ ስነካካ መሬት የለም። የገደል አፋፍ ላይ ነበርኩ።

በእጅም በእግርም ሽቅብ ወጣሁ። ግንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ እየተመታ ያርፋል። ድምፁን ተከትዬ አንድ ግዙፍ ቀረሮ ሥር ደርሼ ቁጭ አልኩ። ወዲያው ጋሽ አደሎ በላብ ተጠምቀው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ።

«ደግ አደረግሽ ልጄ፣ ባትመቺ ኖሮ አላገኝሽም ነበር» አሉኝ።

«እኔ እኮ አልመታሁም። እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ገጀራቸውን አዩት። ከአፎቱ አልወጣም። ሁለታችንም ቀስ ብለን ወደ ዛፉ ቀና አልን። ቁጥር አልነበረውም። በአሥር ቀን ውስጥ በአጠገቡ ስንት ጊዜ እንዳለፍን እንጃ፣ አላየነውም ነበር። ቅጠሉን ወሰድኩ፤ ሠላሳ ሞላ።

በማግስቱ ሚዛን ከተማ ያለው ቢሯችን ገብቼ ቅጂውን ከፈትኩ። የእኔ ድምፅ አለ፣ ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ እንደገና የእኔ «አቤት!»። የጠራኝ ድምፅ የለም። ሦስቱ ምት ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ለሥራ ባልደረባዬ አሰማሁት።

«ግንደ ቆርቁር ወፍ ይሆናል» አለ።

«ግንደ ቆርቁር ሦስት መትቶ መልስ ይጠብቃል?» ስለው ቅጂውን ደግሞ ከፍቶ ሰማው።

ከወራት በኋላ የቤተ ሙከራው ውጤት መጣ። ያ ዛፍ ሃያ ዘጠኙ ላይ ያልተገኘ የዘር ልዩነት ይዟል። ጫካው ዝርዝሩ ውስጥ ገባ፤ የጋሽ አደሎ ቀፎዎችም እዚያው ተሰቅለዋል። በሪፖርቴ ላይ «በአሰሳ የተገኘ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ባለቤቴ ይስቅብኛል። ከሳሎን ሲጠራኝ አቤት አልልም፤ ሄጄ ፊቱን አይቼ ነው የምመልሰው።

ያን ዛፍ አመሰግነዋለሁ፣ እፈራዋለሁም። ሃያ ዘጠኙን ቆርቆሮ በእጄ መትቻለሁ። ሠላሳ የምትለዋ ግን ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ ናት። መዶሻ ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም ሳልመታ ተመልሻለሁ። መትቼ መልስ ቢመጣስ?