የክርስትና ስሙ ማን ነው?

ውሻዬ ማከክ የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ ጆሮውን ነበር የሚያከው፤ ቀጥሎ ሆዱን፣ በኋላ ደግሞ እየተሽከረከረ የጭራውን ሥር መንከስ ጀመረ። ትንሽ ነጭ ውሻ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳት አራተኛ ፎቅ ላይ ውሻ አላሳድግም ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። በሰጠችኝ ጊዜ "ለጊዜው ያዥልኝ" ነበር ያለችው። ጊዜው እስካሁን አላለቀም።

ሳሪስ የምኖርበት ግቢ ውስጥ ውሻ ማለት የበር ነው። ይታሰራል፣ ትርፍራፊ ይጣልለታል፣ ሌሊት ይጮሃል። የእኔው ግን አልጋዬ ሥር ይተኛል። እውነቱን ከተናገርኩ አልጋዬ ሥር የሚተኛው ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ አርባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ግቢው ውስጥ "ልጅ ስታጣ ውሻ አቀፈች" እንደሚባል አውቃለሁ። የነገረችኝም ራሷ ያለችው ጎረቤቴ ናት፣ ሌላ ሰው እንዳለው አድርጋ።

ቁንጫ መሆኑን ያወቅኩት እኔንም ሲበላኝ ነው። ቢሮ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ በአንዱ ጫማዬ ተረከዝ የሌላውን እግሬን ቁርጭምጭሚት ሳክ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ፈቀቅ አደረገ። ቢናገር ይሻለኝ ነበር፤ የቻልኩትን ያህል እመልስለት ነበር።

መቼም ምክር አይጠፋም። ጎረቤቴ ግራዋ ቀጥቅጠሽ እጠቢው አለችኝ። የግቢው ዘበኛ ናፍጣ ቀቢው፣ በአንድ ቀን ያልቅለታል አለኝ፤ የሚያልቅለት ቁንጫው ይሁን ውሻው ግን አልነገረኝም። ናፍጣውን ፈርቼ ተውኩት። ያደረግኩት ነገር ግን ከናፍጣ ብዙም አይሻል። በልብስ ዱቄት ሳሙና፣ በሙቅ ውሃ፣ እጄ እስኪዝል ፈትጌ አጠብኩት። ቁንጫው የጠፋ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሳምንት ሳይሞላው ቁንጫው ተመለሰ፤ ቆዳው ግን አልተመለሰም። ሆዱ ቲማቲም መሰለ፣ የጭራው ሥር ፀጉሩ ረግፎ እርጥብ ቁስል ሆነ። ሲያክ ያለቅሳል፣ እያለቀሰ ያካል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እግሩን እይዝበታለሁ።

አቃቂ የከብት ክሊኒክ አለ፣ ውሻም ያያሉ አሉኝ። ችግሩ መሄጃው ነው። የባጃጁ ሾፌር ገና ከሩቅ አይቶን ወንበሬን አታስበላሺብኝ ብሎ አለፈ። በስልክ የጠራሁት መኪና በር ድረስ መጥቶ፣ ምን እንዳቀፍኩ ሲያይ ጉዞውን ሰረዘ። የሚኒባስ ታክሲ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በግ ቢሆን ኖሮ ለዓውደ ዓመት ነው ብዬ እለምን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁም ሳጥኔን ከፈትኩ። ለእህቴ ልጅ ክርስትና ገዝቼው፣ ሌላ ሰው ልክ ያንኑ ዓይነት ስላመጣ ሳልሰጠው የቀረ ሰማያዊ የሕፃን ብርድ ልብስ ነበረኝ። ውሻዬን ጭራውን ሳልነካ ጠቀለልኩት፤ አፍንጫውን ብቻ ለአየር ተውኩለትና እሱንም በነጠላዬ ጋረድኩት። ደረቴ ላይ አስጠግቼ ከግቢ ስወጣ ማንም አላየኝም። እግዚአብሔር የተባበረኝ መሰለኝ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ እሱን መጥራቴም አሁን ያሳፍረኛል።

ታክሲው ሞልቶ ነበር። ረዳቱ ግን አየት አድርጎኝ፣ ሕፃን የያዘች ናት፣ ቦታ ልቀቁላት አለ። አንድ ወጣት ወዲያው ተነስቶ "ተቀመጪ እናት" አለኝ። ተቀመጥኩ። አንዲት ልጅ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ፣ ከፊት ያለው ሰውዬ መስኮቱን ዘጋ፣ ነፋስ እንዳይመታው። ያን ያህል ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ ማንም ለእኔ መስኮት ዘግቶ አያውቅም። ያፈርኩት በማታለሌ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ጣመኝ፤ ያሳፈረኝ እሱ ነው። ጉልበቴን ወዝወዝ እያደረግኩ እሽሩሩ ማለት ጀምሬ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሳሪስ አቦ ስንደርስ አንዲት እናት ገቡ። ስድሳን የዘለሉ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ምሳ ዕቃ ያለበት ዘንቢል፣ በሌላው አንድ ሃይላንድ ጸበል ይዘዋል። አጠገቤ ተቀመጡ። ውሻዬ ያን ጊዜ ማሳከኩ ብሶበት ብርድ ልብሱ ውስጥ መራገጥና ማቃሰት ያዘ።

"ምን ሆኖብሽ ነው?" አሉኝ።

አሞት ነው፣ ሐኪም ጋ እየወሰድኩት ነው አልኳቸው። ይሄ ውሸት አልነበረም፤ እንዲያውም ውሸት አለመሆኑ ትንሽ አጽናንቶኝ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰደው በብርድ ልብሱ ላይ ጀርባውን ዳሰሱት። የውሻ ገላ በጤናውም ቢሆን ከሰው ገላ ይሞቃል፤ ያንን እሳቸው ከየት ያውቁታል? እሳት ሆኗል እኮ አሉ ዙሪያውን እያዩ። ታክሲው በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። ከኋላ አንዱ እግዚአብሔር ይማረው አለ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል?

የእኒያ እናት ነጠላ ነጭ ነበር። ክንዳቸው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አየሁ። ነጥቧ ዘለለች። አቧራ የማራግፍ መስዬ እጄን ስዘረጋ ቁንጫዋ ቀድማኝ እጅጌያቸው ውስጥ ገባች፤ እሳቸው ደግሞ መጽናናት የፈለግኩ መስሏቸው እጄን ያዙት።

እጄን እንደያዙ ስለ ልጃቸው ነገሩኝ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ በየቅዳሜው ምግብና ጸበል ያመጡለታል። ፈታሾቹ መጀመሪያ እሳቸውን ያስጎነጩና ያስገቡላቸዋል። ይሄን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ልጃቸው ታስሮ እሳቸው አላፈሩም፣ እኔ በውሻዬ አፍሬ ጠቅልዬው ተቀምጫለሁ። ከዚያ ሃይላንዱን ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

"ይሄን ለልጄ ነበር የያዝኩት። የኔው ትልቅ ነው፣ ይችላል። አንቺ ለዚህ ስጪው።"

አይሆንም፣ በፍጹም አልኩ። እምቢታዬ ይሉኝታ መሰላቸው፤ ሰዉም ተቀበያቸው እንጂ አለኝ። የተቀደሰ ነገር ለውሻ እንዳይሰጥ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው፣ አሥራ ምናምን ሰው እያየኝ ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። ሕፃኑን ግለጪውና ግንባሩን ላስነካው ሲሉኝ፣ አሁን ገና መተኛቱ ነው ብዬ ወደ ደረቴ ሳብኩት። ይሄኛው የለየለት ውሸት ነበር።

"የክርስትና ስሙ ማን ነው?" አሉኝ።

አፌን ስከፍት ረዳቱ ማረሚያ ቤት ወራጅ አለ ወይ ብሎ ጮኸ። ወራጅ አለ ብለው ዘንቢላቸውን አንስተው ወረዱ። በወረዱበት ቦታ ሆነው በመስኮቱ አማተቡልን።

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አንዲት ታማ የተኛች ላምና ሁለት ጥጆች ነበሩ። የላሟ ባለቤቶች፣ ባልና ሚስት፣ ብርድ ልብሱን ስፈታ ወደ እኔ መጡ፤ ከውስጡ ምን እንደወጣ ሲያዩ ደግሞ ወደ ላማቸው ተመለሱ። ሐኪሙ ውሻዬን ጠረጴዛ ላይ አስቁሞ ፀጉሩን እየገለጠ አየው። ቁንጫው ሲነክሰው ምራቁ ቆዳውን እንደሚያስቆጣው፣ የቀረውን ያቃጠልኩት ግን እኔ በሳሙናዬ እንደሆነ ነገረኝ። ማጅራቱ ላይ፣ ምላሱ በማይደርስበት በኩል መድኃኒት አንጠባጠበለት። ከዚያ ቁስሉን ላጥብለት ብሎ ቧንቧውን ሲከፍት ውሃ የለም። ዙሪያውን ሲያይ ከቦርሳዬ አንገቱን ያወጣውን ሃይላንድ አየና አነሳው።

"እሱን አይንኩት፣ ጸበል ነው" አልኩ። ካሰብኩት በላይ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ሐኪሙ ጠርሙሱን፣ ውሻውን፣ እኔን በየተራ አየ። ሳቁን ዋጥ ሲያደርግ ጉንጩ ላይ ታወቀው። ከላሟ ባለቤቶች ሚስትየዋ ግን አልሳቀችም፤ አማተበች። ለውሻ ጸበል ይዛ የመጣች ሴት ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው። አይደለም ብል ደግሞ እውነቱ ከዚህ የከፋ ነው።

ቆዳው በኋላ ድኗል፤ ይሄን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ለእሱ እንዳይሰጋ ነው። ሐኪሙ እንዳዘዘኝ አጃ ዘፍዝፌ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ ለብ ባለው ውሃ ቀስ እያልኩ ሳልፈትግ አፈሰስኩለት። ጥፍሩን ቆረጥኩለት። ቁንጫው ከውሻው ይልቅ የሚራባው መኝታው ላይ ነው ስላለኝ አንሶላውን ቀቀልኩ፣ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ደበደብኩ፣ አልጋዬን ገፍቼ ሥሩን ጠረግኩ። መድኃኒቱንም እስከ መጨረሻው ደጋገምኩለት። ፀጉሩ እንደ ጤፍ ቡቃያ ስስ ሆኖ በቀለ። ያን ቀን ግን ከክሊኒኩ ስወጣ የማስበው ስለ ቆዳው አልነበረም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ጸበል ከብዶኝ ነበር። ቤት ወስጄ ልጠጣው? ልድፋው? አንድ ሰው በዚያች ሰዓት ሊጎነጨው ይጠብቀው የነበረ ነገር ነው።

ውሻዬን እንደገና ጠቅልዬ ታክሲ ያዝኩና፣ ስመለስ ቃሊቲ ላይ ወረድኩ።

ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ያሉት ሱቆች ፊት ጠያቂዎች ባዶ ምሳ ዕቃ ይዘው ይወጣሉ። እኒያን እናት ብዙም አልፈለግኳቸው። ከአንዲት ሱቅ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የእጃቸውን አንጓ እያከኩ አገኘኋቸው። ቀና ሲሉ መጀመሪያ ያዩት ፊቴን ሳይሆን ሃይላንዱን ነው። እንደሞላ ነው። እስከ አፉ እንደሞላ መልሼ ሳመጣው ምን ሊያስቡ እንደሚችሉ አላሰብኩም ነበር። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነሱ፣ ዓይናቸው ሞላ።

"አለ፣ አልሞተም" አልኳቸው ቶሎ ብዬ።

ተመስገን ብለው መልሰው ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳስብ እሳቸው ጀመሩ። ልጃቸው ጸበሉ የታለ ብሎ ጠይቋቸው፣ ለታመመ ሕፃን ሰጠሁት ሲሉት ደስ ብሎታል። ከጓደኞቹ ጋር ማታ ማታ ጸሎት አላቸው፤ ለልጁ እንጸልይለታለን ብሏል። የተቆጣቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክርስትና ስሙን ሳይጠይቁ በመምጣታቸው።

"ስሙን ንገሪኝና ቅዳሜ እነግረዋለሁ" አሉኝ።

ስም አፌ ላይ መጥቶ ነበር። የወንድ የክርስትና ስም ሞልቷል፤ አንዱን ብል ተደስተው፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ። እኔም ታክሲ ይዤ እገባለሁ። ከዚያ ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው በየማታው እስር ቤት ቆሞ በዚያ ስም ውሻዬን ለፈጣሪ ያቀርባል። አልቻልኩም። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት።

ውሻዬ አፍንጫውን አውጥቶ አነጠሰ። እኒያ እናት እጃቸውን ሰበሰቡ። እሱን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ እኔን ግን አላዩኝም።

"ምን ሆኖ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"ቁንጫ ነው።"

የሚያኩትን አንጓቸውን አዩት። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ጸበሉን ጠብታ እንኳ እንዳልቀመሰ፣ ታክሲ እምቢ ብሎኝ እንጂ ሌላ ሐሳብ እንዳልነበረኝ፣ ሁሉንም ባንዴ አወራሁት። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ሃይላንዱን ተቀብለው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱና ምሳ ዕቃውን አስደገፉት።

"ልጅ የለሽም?"

"የለኝም።"

ከሱቁ ሁለት ሴቶች ወጥተው ወደ እኛ ሲያዩ፣ እኒያ እናት በጣታቸው ጫፍ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይዘው የውሻዬን ራስ መልሰው ሸፈኑት። ሰው ያይሻል አሉኝ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል ቀስ ብለው። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሴቶቹ ካለፉ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ፤ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፣ ግን አልሄዱም።

"እንግዲህ ለልጄ ምን እለዋለሁ?" አሉ። "ውሻ ነው ብዬ አላሳዝነውም። ያንቺን ንገሪኝ።"

"የኔን ምን?"

"የክርስትና ስምሽን።"

ያንን ስም ከንስሐ አባቴ በቀር የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። መጀመሪያ ስናገር ድምፄ አልወጣም። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ አፌ አስጠጉልኝ፣ ደግሜ ነገርኳቸው።