ዘርፈሽና የሕንዶቹ ሳምባር

ዘርፈሽ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ አሥራ ስምንት ዓመት የዓሣ ሾርባ የሸጠች ሴት ናት። እጇ ይጣፍጣል፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ ለመናገርም አታፍርም። በአሥራ አራት አገር ቅርንጫፍ ያለው የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤት አርባ ምንጭ ሲከፈት፣ ሾርባ ቤቷን ለቅቃ ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠረች። ካለፈች ዋና ወጥ ሠሪ ትሆናለች። ከወደቀች መመለሻ የላትም፤ ቤቱን ሌላ ሰው ተከራይቶታል።

ድርጅቱ ወግ አጥባቂ ነው። ሙዝ በጭነት መኪና ለአገር በሚጫንበት ከተማ፣ የሕንድ ምግብ የሚቀርብበትን የሙዝ ቅጠል የሚመስል የፕላስቲክ ሳህን በኮንቴይነር አስመጣ። ሥራ አስኪያጅ ያደረገው ሶፎንያስን ነው፤ ዲግሪ ከያዘ ዓመት ያልሞላው፣ በዚያ ሙቀት ከረባት የማያወልቅ ልጅ። አዲስ አበባ አምስት ቀን ሠልጥኖ መጣና ሥልጠናውን ለሠራተኞቹ ጠቅልሎ ነገራቸው፦

«ባጭሩ የጾም ምግብ ቤት ነው።»

ጾምን ለዘርፈሽ ማን ያስተምራታል? ሳምባር የሚሉት የክክ ወጥ ግን ብትቀምሰው ብትቀምሰው አልጥም አላት። የዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ሊፈትናት በመጣ ዕለት ማለዳ ጫሞ ሐይቅ ወርዳ የዓሣ ጭንቅላት ገዛች። ቀቅላ፣ አጥልላ፣ መረቁን ሳምባሩ ውስጥ ጨመረችው። በአርባ ምንጭ ዓሣ ከጎመን እኩል ጾም ነው፤ የሚከራከር ካለ ከአጥማጆቹ ጋር ይከራከር።

ተቆጣጣሪው ሚስተር ራጋቫን ስልሳን ያለፉ ትሑት ሰው ናቸው። ማንኪያቸውን አነሡና ለሶፎንያስ አንድ ነገር ነገሩት።

«ምን አሉ?» አለች ዘርፈሽ።

«ሽታው እናታቸውን አስታወሳቸው። ከተወለዱ ጀምሮ ነፍስ የነበረው ነገር አፋቸው ገብቶ አያውቅም።»

«ዓሣም?»

ሶፎንያስ ድስቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ላብ አጠመቀው። «እትዬ ዘርፈሽ፣ በሞቴ ዝም በይ! በቅመሙ አያውቁትም። ኮንትራትሽ ያውልሽ።»

ኮንትራቱ እውነትም ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። መቼም አይዋሽም፣ ዘርፈሽ በጣም ፈለገችው። ግን አንድ ሁዳዴ አማቷ ለቀልድ ብላ ቅቤ ያለበት ሽሮ አብልታት ነበር፤ የዚያን ቀን ልቅሶዋ እስካሁን ከልቧ አልወጣም። ሳህኑን ከሽማግሌው ፊት አነሣችው።

«አይብሉ ጌታዬ፣ ዓሣ አለበት!» አለችና በእጇ እየዋኘች አሳየቻቸው።

ሽማግሌው ገባቸው። ማንኪያውን አስቀምጠው ተነሡ፤ ሁለት እጃቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉላት። ይህቺ ሴት እንዳትለቀቅ ብለውም ጻፉ። ነገር ግን በመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ ለእውነት የሚሰጥ ነጥብ የለም፤ ለዓሣ የሚቀነስ ግን አለ። በሳምንቱ ሁለት ደብዳቤ መጣ፦ ለሶፎንያስ ስለ ጥንቃቄው የምስጋና፣ ለዘርፈሽ የስንብት።

ሶፎንያስ አንገቱን ደፍቶ የእሷን ደብዳቤ አነበበላት። ሆድ ባሳት፤ ዕንባዋ መጣ።

«ሰውዬው ግን አንዲት ማንኪያ እንኳ አልቀመሱም፣ አይደል?»

«አልቀመሱም፣ እትዬ።»

«በል እንግዲያው፣ ሽርጣችሁን ውሰድ» አለችና ፈትታ ሰጠችው።