ለቡራዩው ቡድናችን አሰልጣኝ የመረጥንበት ሳምንት

ከፋብሪካው ክሊኒክ ወደ እግር ኳስ ቡድኑ የተላክሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ የክለቡ ሰብሳቢ አቶ ደምሰው አንድ ቦርሳ አቀበለኝ። በውስጡ አራት ጥቅል ፋሻ፣ አፉ ላይ የደረቀ የሚያቃጥል ቅባት፣ የዛገ መቀስና አንድ ስፖንጅ ነበረ።

«ሲስተር፣ አንቺ ከመስመሩ ውጭ ትቆሚያለሽ» አለኝ።

«ሰው ሲወድቅስ?»

«ተሸክመው ያመጡልሻል።»

በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ያንሳል። እስከ መጨረሻው «አንቺ» እንዳለኝ ኖረ።

በሁለተኛው ጨዋታ የበረኛችን ጣት ከቦታው ወጣ። ዳኛው በእጁ ሲጠራኝ መስመሩን አልፌ ገባሁ፤ ጣቱን ስቤ መለስኩና አሰርኩለት። ከዚያ ቀን በኋላ ተሸክሞ ያመጣልኝ ሰው የለም። የቡድኑ ወጌሻ ሆንኩ። ደብዳቤዬ «ጊዜያዊ» ይል ስለነበር፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ጊዜያዊ ሆኜ ሠራሁ።

የምጽፈው ግን ስለ አንድ ሳምንት ነው። ያ ሳምንት በሌላ ሰው አፍ ሲተረክ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በተናወጡበት ጊዜ ነው። ስለ ግርግሩ ብዙ አልጽፍም። ሐዘን የገባባቸው ቤቶች የጎረቤቶቼ ቤቶች ናቸው፤ የሚናገሩት ካለ እነሱ ይናገሩ።

ቡድናችን ከሊጉ ግርጌ ተቀምጦ ነበር። ሰበታ ሄደን ተሸነፍን፤ ሱሉልታ ሄደን ተሸነፍን፤ በሜዳችንም ተሸነፍን። ጎል የሚገባብን ሁልጊዜ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ነበር። አሰልጣኙ ተሰናበተ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ቁርጡን ነገረን፦ ከሊጉ ከወረድን ክለቡ ይፈርሳል።

ከተጫዋቾቹ የሚበዙት ከወላይታና ከሐዲያ የመጡ ልጆች ነበሩ። ፋብሪካው የቀጠራቸው ለኳሱ ብሎ ነው። ክለቡ ከፈረሰ ማሽን ላይ የሚያቆያቸው እንደማይኖር እነሱም እኛም እናውቅ ነበር።

አዲስ ዋና አሰልጣኝ የሚመርጥ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሴት ይካተት ስለተባለ እኔ ገባሁ።

«ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ትይዣለሽ» አለኝ አቶ ደምሰው።

«ድምፅስ?»

«ድምፅም አለሽ። ምን እንደምታደርጊው እንጃ እንጂ» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ ስማቸውን በተራ ጻፍኩ።

የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሰርተፊኬቱን በክላሰር የያዘ፣ የአቶ ደምሰው የትምህርት ቤት ጓደኛ። ሁለተኛው ኦቦ ገመቹ፣ ከገፈርሳ ወዲያ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ። የእሳቸው ማመልከቻ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዳቸው አንድ ልምምድ ይመራሉ፤ ኮሚቴው ሜዳ ቆሞ ያያል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል።

የአዲስ አበባው ሰው ማክሰኞ አሠራ። ሐቁን ለመናገር ጥሩ ነበር። ኮን ደረደረ፣ ፊሽካ ነፋ፣ ልጆቹን ላብ በላብ አደረጋቸው። አቶ ደምሰው «ሳይንስ ማለት ይሄ ነው!» እያለ አጨበጨበ። የዚያኑ ዕለት ድምፅ ስጡ ቢሉን እኔም እሱን እመርጥ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አምበላችን ታምራት የመሐል ተከላካይ ነበር። ከዚያ ሳምንት ሁለት ወር ቀደም ብሎ የቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ዕቃ ቤት ውስጥ ሳየው ጅማቱ እንደተጎዳ አወቅሁ፤ ማረፍና ሐኪም ማየት ነበረበት።

«ሲስተር፣ በጌታ» አለኝ። «ከተቀመጥኩ ያባርሩኛል። ቤት ውስጥ አራት ሰው ይጠብቀኛል።»

«ቢጠይቁኝ ምን ልበል?»

«እኔ ወንጌል የማምን ሰው ነኝ፤ ዋሺልኝ አልልም። ግን ዝም ማለት ውሸት ነው እንዴ?»

ዝም አልኩ። ከየጨዋታው በፊት ዕቃ ቤቱን ዘግቼ ጉልበቱን በፋሻ አጥብቄ አስርና እሱ ረጅሙን ካልሲ እስከ ላይ ስቦ ይሸፍነው ነበር። ሕክምና በምመዘግብበት ደብተር ላይ ምንም አልጻፍኩም። ሰባኛው ደቂቃ ላይ ጉልበቱ ይዝላል። ጎል የሚገባብንም ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ ጠፍቶኝ አይደለም።

ኦቦ ገመቹ የሚያሠሩት ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሐሙስ ጠዋት የአምቦ መንገድ ተዘጋ። ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ታክሲ የሚባል ጠፋ። ተጫዋቾቹ የሚኖሩት ፋብሪካው ጀርባ ስለነበር በውስጥ ለውስጥ መጡ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ደምሰው «አይመጣም። ቀርቷል ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«ገና ግማሽ ሰዓት አለ።»

«ሲስተር፣ በዚህ መንገድ ወፍ አይመጣም!»

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጽፋለሁ።»

ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው በባሕር ዛፉ በኩል አንድ ረጅም ሽማግሌ መጡ። ከገፈርሳ በእግራቸው ነው የመጡት። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። «አካም ጅርቱ?» ብለው ሁላችንንም ጨበጡን።

«እንዴት አሳለፉዎት?» አልኳቸው።

«መንገድ የዘጉትን ግማሾቹን አስተምሬያቸዋለሁ። ‹ቲቸር፣ ዛሬ ኳስ የለም› አሉኝ። ‹ለእናንተ ነው የሌለው› ብያቸው አለፍኩ።»

አቶ ደምሰው ጭሱ ጉሮሮዬን ነካኝ ብሎ መኪናው ውስጥ ገባና መስኮቱን ዘጋ። ሌሎቹ ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ስለነበሩ፣ በር ላይ ቆመው ስልክ ይደውላሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሜዳውን የምታይ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ኦቦ ገመቹ ፊሽካ አልያዙም። ኳስም አልጠየቁም።

«ተራመዱ» አሉ ልጆቹን። «ሁለት ዙር። እንዳትሮጡ።»

ልጆቹ እየተሳሳቁ ተራመዱ። «ዛሬ ሽርሽር ነው» አለ አንዱ። ኦቦ ገመቹ ከጎሉ አጠገብ ቁጢጥ ብለው የልጆቹን ፊት ሳይሆን እግራቸውን ብቻ ያያሉ። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ተነሡና አንድ በአንድ ቀረቧቸው።

«አንተ ሌሊት ሠርተህ ነው የመጣኸው። ተረከዝህ መሬቱን ይጠርጋል።» ልጁ የሌሊት ፈረቃ ነበር።

«አንተ፣ ታኬታው የማን ነው?» ልጁ አቀረቀረ። በፈረቃ ከሚለዋወጠው ጓደኛው የሚዋሰው ነበር፤ አንድ ቁጥር ይበልጠዋል።

«አንተ፣ ሆድህን ያምሃል። ዛሬ አትሠራም፤ ቁጭ በል።» ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ያስቀምጠው እንደነበር ለእኔ ብቻ ነበር የነገረኝ።

ሰው እንዲህ ሲታይ አይቼ አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት እነዚያን እግሮች በእጄ ይዣለሁ፤ እኔ የማውቀው ነክቼ ነው። እሳቸው ሃያ እርምጃ ርቀው ያነባሉ። እስክሪብቶው በእጄ ላይ ተከፍቶ ቀረ። አንድ ቃል አልጻፍኩም። ታምራት ጋ እስኪደርሱ ጠበቅኩ።

ታምራትን ምንም አላሉትም። ትከሻውን መታ አድርገው አለፉትና ወደ እኔ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሲስተር፣ ያንን ቀኝ ጉልበት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስሩት?» አሉኝ።

በዚያ ቀን ፋሻ አላደረገም ነበር። ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ሁለት ወር» አልኩ።

«ጥሩ ነው የሚያስሩት። ባያስሩት ኖሮ ሁላችንም ቀደም ብለን እናውቅ ነበር።» ወቀሳ ይሁን ምስጋና እስካሁን አላወቅኩም።

ከዚያ ኳስ አስመጡና ለአንድ ሰዓት አሠሯቸው። የደከመውን ከትኩሱ፣ ሰፊ ጫማ ያደረገውን ሩጫ ከማይበዛበት ቦታ እያደረጉ ደለደሏቸው። ልጆቹ መሳቃቸውን ትተው ዐይን ዐይናቸውን ያዩ ጀመር።

ዓርብ ጠዋት ለድምፅ ተሰበሰብን።

«የሐሙሱ ሰውዬ ምን አሠራ? ሰው አራመደ!» አለ አቶ ደምሰው። «መራመድማ እናታቸው አስተምራቸዋለች።»

ሳቁ። የዕቃ ቤት ኃላፊው እንደ ልማዱ ከሰብሳቢው ጋር ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይና የሒሳብ ክፍሉ ሰው ያመነታሉ። «እኛ እንኳ በደንብ አላየንም» አሉ። «ሲስተር፣ አንቺ ሜዳው ላይ ነበርሽ፤ ምን አየሽ?»

ስለ ሌሊት ፈረቃው፣ ስለ ታኬታው፣ ስለ ሆድ ሕመሙ ነገርኳቸው።

«ይሄን ማንም ሊነግረው ይችላል» አለ አቶ ደምሰው። «ከልጆቹ አንዱ ደውሎለት ይሆናል።»

ለዚህ መልስ የነበረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእኔና ከታምራት በቀር ማንም የማያውቀው ነገር። ብናገረው ታምራትን አሳልፌ እሰጣለሁ፤ ራሴንም። ዝም ብል ክለቡ ይፈርሳል፤ ታምራትም ከነሌሎቹ ይባረራል። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«የታምራት ጉልበት ሁለት ወር ሙሉ ተጎድቷል። ያሰርኩትም የደበቅኩትም እኔ ነኝ። ኦቦ ገመቹ ሲራመድ አይተው አወቁት።»

ታምራት ተጠራ፤ ሱሪውን ሰበሰበ፤ ሁለቱ ጉልበቶቹ እኩል አልነበሩም። ወደ እኔ አላየም።

«ስለዚህ ሁለት ወር ዋሽተሽናል» አለ አቶ ደምሰው።

«አዎ።»

«ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፊዋ!»

በራሴ እጅ ጻፍኩት። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ኦቦ ገመቹ ሦስት ለሁለት ተመረጡ።

በሚቀጥለው ሰኞ አቶ ደምሰው ቦርሳውን ተቀበለኝና ከማስጠንቀቂያ ጋር ወደ ክሊኒክ መለሰኝ። ኦቦ ገመቹ ሁለት ጊዜ «ሴትዮዋን መልሱልኝ» ብለው ጠየቁ፤ አልሆነም። እሳቸው ግን አልተዉም። ልጆቹን ከብጣሽ ወረቀት ጋር ወደ ክሊኒኩ ይልኩልኝ ነበር፦ «የግራውን ዳሌ ይዩልኝ»፣ «ይህ ልጅ ይዋሻል፣ አውራ ጣቱን ያመዋል።» አንድ ጊዜ እንኳ ሲሳሳቱ ላገኛቸው በጣም ደክሜያለሁ። አላገኘኋቸውም።

ታምራትን ኦቦ ገመቹ አላባረሩትም። «እግሩ ይረፍ፤ አፉ ይሥራ» ብለው ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጠው ተከላካዮቹን እንዲመራ አደረጉት። የመጨረሻውን ጨዋታ ከሱሉልታ ጋር አቻ ወጥተን በአንድ ነጥብ ተረፍን። እኔ ክሊኒክ ነበርኩ፤ የደወለልኝ ታምራት ነው። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ሲስተር፣ ተርፈናል» አለኝና ዘጋው።

ክለቡ በመትረፉ ፋብሪካው በደገሰው ድግስ ላይ አቶ ደምሰው ንግግር አደረገ። ኦቦ ገመቹ ልጆቹን ሲያራምዷቸው አይቶ ገና ያኔ እንደመረጣቸው ተናገረ። አጨበጨቡለት። ያን ሐሙስ መኪናው ውስጥ ነበር። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ታምራት ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። በኋላ ያየው ሐኪም፣ ያኔውኑ ቢያርፍ ኖሮ ጅማቱ ይድን እንደነበር ነገረው። ዛሬም ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይይዛል። ለእነዚያ ሁለት ወራት ከራሴ ሌላ የማማርረው ሰው የለኝም።

ለአዳዲስ ወጌሾች የምለው አጭር ነው። ጉዳት ባያችሁበት ቀን ለአሰልጣኙ ተናገሩ። ተጫዋቹ ቢለምናችሁም ተናገሩ።