የብዙነህ መውረጃ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። የብዙነህ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የተወጋው ምንም ሳያውቅ የወጋው እንቅልፍ አጥቷል።

ከመካነ ሰላም በላይ ያለው ደን ሲቃጠል ቀድመው የሚደርሱት ቅጠላም ቅርንጫፍና አካፋ የያዙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በየዓመቱ በጋው ሳይጠና አንድ ቀን ሙሉ የጫካውን መንገድ ዞረው ያያሉ፤ በየት ይገባል፣ እሳት ቢከብ በየት ይወጣል እያሉ። አምና ከገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ መሪያቸው ሰብሌ ወደ ታች መውረጃ ይኖር እንደሆነ ጠይቃ ነበር። ከፈቃደኞቹ አንዱ የሆነው ብዙነህ ያውቃል። በሬዎቹን ወደ ተከለከለው የጓሳ ሣር በስውር የሚነዳባት፣ ራሱ በገጀራ የከፈታት መንገድ አለች። ያን ቀንም በሬዎቹ ከታች ይግጡ ነበር። ዝም አለ።

በመጋቢት እሳት ተነሳ። ብዙነህ በወዲያኛው ጎን ሲያጠፋ፣ ጎረቤቱ ቢያድግልኝ እዚያው አፋፍ ላይ ተከበበ። መውጫ ሲያጣ ነበልባሉን ሰንጥቆ ሮጠ፤ ግራ እግሩ ተቃጠለ። በቃሬዛ ተሸክመው ካወረዱት አንዱ ብዙነህ ነው። ክረምቱን ማሳውን ያረሰለትም እሱው ነው። ሰፈሩ መረቀው፤ ምርቃቱ እንደ እሬት መረረው።

ዘንድሮ ቢያድግልኝ ቤት እንዲቀር ቢለመን እንቢ ብሎ እያነከሰ አብሮ ወጣ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ሰብሌ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። የብዙነህ ፊት አመድ መሰለ። ቢያድግልኝ የደከመው መስሎት ትከሻውን ያዝ አደረገና «አብሽር፣ አረፍ በል» አለው።

ብዙነህን የሰበረችው ይህች ደግነት ናት።

«መውረጃ አለ» አለ። «አምናም ነበር። በሬዎቼ እንዳይታዩብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ብዙነህ ወደ ዳር ሄዶ የአስታውን ቁጥቋጦ ሲገልጠው መንገዷ ታየች። ቢያድግልኝን ለመደገፍ እጁን ዘረጋ፤ ቢያድግልኝ አልያዘውም። በዱላው እየተመረኮዘ፣ የታመመ እግሩን እያስቀደመ፣ ብቻውን ወረደ። ሌሎቹ ሊከተሉት ጓዛቸውን ሲያነሱ እሱ ከታች ከጅረቱ ዳር ደርሶ ነበር፤ ሣርም ቁጥቋጦም ከሌለበት፣ እሳት ከማያገኘው ድንጋይ ላይ።

ቀና ብሎ ብዙነህን ብቻ አየው።

«መንገዷ ይችን ታህል ብቻ ነበረች?» አለው።