የዓለሙ ጧፍና የሙሀባ ቀለም

ዓለሙ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ሱቁ ሬዲዮ ሲጠግን ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ካለፉት ዘጠኝ ዓመታት ወዲህ ግን ሰው የሚያውቀው በሶላር መቆጣጠሪያ ነው። መቆጣጠሪያ በሶላሩና በባትሪው መካከል የምትገባ ትንሽ ሳጥን ናት። ባትሪው ሲሞላ ከሶላሩ የሚመጣውን ኃይል ትዘጋለች፤ ሲጎድል መልሳ ትከፍታለች። እሷ ከሌለች የቆላው ፀሐይ ባትሪውን ቀኑን ሙሉ ሲግተው ይውላል፤ አሲዱ ይፈላል፣ ውሃው ይደርቃል፣ ባትሪውም ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። መብራት ያልገባላቸው የቀወት መንደሮች ይህን በየቤታቸው አይተውታል።

ዓለሙ ሥራውን የተማረው ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጠ አንዱን ገጽ በመዝገበ ቃላት እየፈታ ሳምንት ይፈጅበት ነበር። የመጀመሪያዋን መቆጣጠሪያ ከተጣለ ኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ ለቅሞ፣ በብስኩት ጣሳ ውስጥ ገጣጥሞ ሠራት። ባትሪው ሞልቶ መቆጣጠሪያዋ ራሷ ቀጭ ብላ ስትዘጋ የብየዳ ካውያውን አስቀምጦ አማተበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚሠራት ጣሳ ሁሉ ክዳን ላይ በሚስማር «ዓ» የምትል ፊደል ይበሳል።

አንድ ሌላ ልማድም ነበረው። መቆጣጠሪያዋ ስንት ቮልት ላይ እንደምትዘጋ የምትወስን፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ማስተካከያ አለች። ዓለሙ እሷን በቀጭን ካቻቢቴ አዙሮ ልክ ካስያዘ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣትን ጧፍ ለኩሶ አንዲት ጠብታ ሰም ያንጠባጥብባታል። ሰሙ ማስተካከያዋ እንዳትነቃነቅ ይይዛታል። በረከትም ይሆናል ብሎ ያምናል።

ከሁሉም የሚወዳት ከከተማው ወጣ ባለችው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ያለችውን ነበር። ልጁ ሳምራዊት ታማ ሐኪሞች ተስፋ በቆረጡባት ጊዜ ተስሎ፣ ስትድን በነጻ ሠርቶ የሰቀላት ናት። አምፖሎቹም ድምፅ ማጉያውም በእሷ ይሠሩ ነበር። ሲያስቀድስ ቆይቶ ሲወጣ በዕቃ ቤቱ በር ሽንቁር ጎንበስ ብሎ አይቷት ካልሆነ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ሙሀባ የመጣችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። አባቷ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ሰዓት ይጠግኑ ስለነበር እጇ ከልጅነቷ ጀምሮ ደቃቅ ዕቃ ለምዷል። ከዓለሙ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ተከራየች። መጀመሪያ የስልክ ሽፋን ትሸጥ ነበር። ከዚያ ስልክ መጠገን ጀመረች። አንድ ቀን ትራንዚስተር በመዳፏ ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

«ጋሼ ዓለሙ፣ ይቅርታ። ይሄ ነገር ለምንድን ነው እንዲህ የሚግለው?»

ዓለሙ መልሱን ያውቃል። ያቺ መልስ ሁለት ክረምት ወስዳበታለች።

«ሰፋ ያለ አሉሚኒየም ለጥፊበት» አላት።

«አላህ ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። የነገራት ግማሹን እንደሆነ ዓለሙ ያውቅ ነበር።

ሙሀባ በመጣች በስድስተኛ ወሯ የራሷን መቆጣጠሪያ መሸጥ ስትጀምር ዓለሙ ውስጡ ተቃጠለ። ባጃጅ ሲቆም ተሳፋሪው በየትኛው በኩል እንደሚወርድ ማየት ልማዱ ሆነ። ወደ እሷ የሚሻገረውን ሰው ሁሉ ይቆጥራል፤ ወደ እሱ የሚመጣውን መቁጠር ግን ይረሳል። «የሷ በር ጥላ ስላለው ነው» ይላል። «ሴት ስለሆነች ሴቶቹ ይደፍሯታል» ይላል። ዓርብ ጁምዓ ሰዓት ላይ ሱቋን ስትዘጋ ትንፋሹ ሰፋ ይልለታል። መልሳ ስትከፍት ደግሞ የበሩ ድምፅ በጥርሱ ላይ የሚያልፍ ይመስለዋል። ለንስሐ አባቱ ሌላውን ሁሉ ተናግሯል፤ ይህችን ግን «እንዲሁ ትንሽ ሐሳብ ይበዛብኛል» ብሎ አለፋት።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ የሚካኤል ባትሪ ፈላ። ዕቃ ቤቱ አሲድ አሲድ ሸተተ። ዓለሙ ሄዶ ጣሳዋን ሲከፍት ልኳ ተዛብቶ አገኛት። ግንቦት ሙሉ ሙቀቱ ሰውን ከቤት ሲያስወጣ የሰነበተበት ወር ነበር፤ እሱ ግን ያ ትዝ አላለውም። ሰው ነክቷታል ብሎ ጠረጠረ፤ ማን እንደሆነም ወዲያው በልቡ ወሰነ። መልሶ ልክ አስያዛትና አዲስ ሰም አንጠባጠበባት። አዲስ ባትሪ ተገዛ። በሦስተኛው ሳምንት አዲሱም መፍላት ጀመረ።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ጋሼ አየለ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ እስከ ሱቁ መጡ።

«ስማኝ ዓለሙ። ሰኔ ሚካኤል ሊደርስ አምስት ቀን ቀረው። ለንግሡ ሦስት ደብር ሕዝብ ጠርተን በጨለማ አናስቀድስም። ያቺን ልጅ ልንጠራት ነው።»

«የትኛዋን ልጅ?»

«እያወቅህ! ማዶ ያለችውን። ሙሀባን።»

«ጋሼ አየለ፣ እሷ እኮ የስለቴ ናት! ለሳምራዊት የተሳልኳት። እንዴት ነቅለው የሰው ይሰቅሉበታል?»

«ስለትህን ሚካኤል ተቀብሎታል። ባትሪውን ግን እያፈላችብን ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«እስከ ዓርብ ይታገሡኝ።»

ሽማግሌው ሊሄዱ ዞሩ። «እስከ ዓርብ። ከዚያ ወዲያ ቅር እንዳይልህ።»

መቆጣጠሪያዋን አውርደው ላኩለት። ዓለሙ ሁለት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷት ለካት። ጠዋት በቀዝቃዛው ሲለካት ጤነኛ ናት። ልኩን ትይዛለች፣ ቀጭ ብላ ትዘጋለች። እንከን አጣባት። እንከን ባጣ ቁጥር ጥርጣሬው ባሰበት።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ግድም እትዬ ደብሪቱ ከባጃጅ ወርደው ገቡ። ጀውሃ ላይ ለሹፌሮች ምግብ ቤት ያላቸው፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው።

«ውሃ ስጠኝ ዓለሙ፣ ተቃጠልኩ። ትንሽ አርፌ ወደ ሙሀባ ልሻገር።»

«ወደ ሙሀባ? ምን ሊያደርጉ?»

«ይቺን ላሳያት ነዋ።» ከፌስታል ውስጥ ጣሳ አወጡ። ክዳኑ ላይ «ዓ» ተበስቷል።

ዓለሙ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «እትዬ ደብሪቱ! ይቺ የኔ ሥራ አይደለችም እንዴ?»

«ናት እንጂ። አንተ ወለድካት፣ እሷ አሳደገቻት።» ራሳቸው በቀልዳቸው ሳቁ። «አምና አስቸግራኝ ወስጄላት ነበር፤ ደህና አድርጋ መለሰችልኝ። ዛሬ ሽቦዋን አይጥ በልቶብኝ ነው። አትኩረፍ፣ ሙሽራ ይመስል!»

ዓለሙ መልስ ሳይሰጥ ክዳኑን ፈታ። የሰሙ ጠብታ የለችም። በቦታዋ፣ ማስተካከያዋ አናት ላይ፣ ደማቅ ቀይ ነጥብ ተቀምጣለች። የሴት ጥፍር ላይ የሚቀባው ቀለም ነው።

«ያዝኳት!» አለ። «ሥራዬን የምትነካካው እሷ ናት!»

ጣሳውን ይዞ አስፋልቱን ሲሻገር አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባ ጮኸበት። እትዬ ደብሪቱ ይህ እንዳያመልጣቸው ውሃቸውን እንደያዙ ተከተሉ።

ሙሀባ ጋ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ዓለሙ ለእነሱም አላፈረም።

«አንቺ ሴትዮ! በሰው ዕቃ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ይሄ ምንድን ነው? ሚካኤል ዕቃ ቤትም ገብተሽ ነው ልኬን ያዛባሽብኝ?»

ሙሀባ ካውያዋን ማረፊያው ላይ አኖረች። «ወላሂ ጋሼ፣ ሚካኤል ግቢ ረግጬ አላውቅም። ይረጋጉና ይግቡ።»

«አልገባም! ሌባ ቤት አልገባም!»

ከደንበኞቹ አንዱ «ኧረ ጋሼ!» አለ። ሙሀባ ከመደርደሪያው ሥር የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወጣች። በውስጡ የተፋቀ ሰም ነበር፤ ቡናማ፣ አቧራ የጠጣ። ቆንጥራ ቁራሹን በአንድ ጥቁር ክዳን ላይ አኖረችና ክዳኑን ወጥታ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ አስቀመጠችው። ተመልሳ ተቀመጠች።

«አሁን ይስደቡኝ» አለች። «እጠብቅዎታለሁ።»

ዓለሙም ሰደባት። አሠራሩን እንደሰረቀችው፣ ደንበኞቹን እንደወሰደችበት፣ እሱ መጽሐፍ ላይ ዓይኑን ሲያጠፋ እሷ ስልክ ሽፋን ትሸጥ እንደነበር፣ አራት ዓመት የቋጠረውን ሁሉ አፈሰሰው። ተናግሮ ሲጨርስ ባዶነት ተሰማው። ሙሀባ በጣቷ ወደ ደጅ አሳየችው።

ክዳኑ ላይ የነበረው ሰም ውሃ ሆኗል።

«ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ጣሳ ውስጥ፣ ከሚግለው ትራንዚስተር አጠገብ ከዚህም ይብሳል» አለች። «ቀልጦ ወደ ማስተካከያዋ ሆድ ይገባል። ውስጧ ያለችው ምላስ በሰሙ ትሸፈንና ከሥሯ ካለው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር አልገናኝ ትላለች። ያን ጊዜ መቆጣጠሪያዋ መቼ እንደምትዘጋ አታውቅም። እርስዎ ጠዋት ሲነኳት ደግሞ ሰሙ ደርቆ ምላሷም ተነቃንቃ ደህና ትመስላለች። ሰባት የእርስዎ ሥራ መጥቶልኛል ጋሼ፤ ሰባቱም እንዲህ ናቸው። ሌላ አንዲት ነገር አልነካሁም። ሰሙን ፍቄ አጥቤ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ‘የጋሼ ዓለሙ ሥራ ደህና ነው’ ብዬ መለስኩ።»

«እውነቷን ነው» አሉ እትዬ ደብሪቱ ከበሩ። «ለኔም እንደዚያ ነው ያለችኝ።»

ዓለሙ ድምፁ ወረደ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለቴ መጥቼ ‘ሥራ አለብኝ’ አሉኝ። ሦስተኛ እንዳልመጣ...» የሰሙን ቆርቆሮ ከደነች። «ጧፍ ነው አይደል? የቤተ ክርስቲያናችሁ። እኔ ሙስሊሟ ተነሥቼ ጧፋችሁን አንሡት ብል፣ በሃይማኖታችን ገባች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

ከነገሩ ሁሉ ዓለሙን ያሳፈረው ይህ ፍርሃቷ ነበር። ጣሳውን ለእትዬ ደብሪቱ መለሰና፣ ግራ ቀኝ አይቶ አስፋልቱን ተሻገረ።

ማታ የሚካኤልን መቆጣጠሪያ ፈታ። ማስተካከያዋን አውጥቶ ሲከፍታት ሆዷ ውስጥ ሰም አገኘ። በአዲስ ተካት።

«ሳምሪ፣ ያቺ የጥፍር ቀለምሽ የት አለች?»

ሳምራዊት ከጓዳ ብቅ አለች። «አባዬ? ለማን ልትቀባ?»

«ለሚካኤል።»

ልጅቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ አባቷ ግን አልሳቀም። አንዲት ነጥብ ጣል አድርጎ እስኪደርቅ እፍ አለባት።

ዓርብ ጠዋት ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀላት፤ ቤቱ ግን አልሄደም። ቀትሩን ሙሉ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ የቮልት መለኪያ ቴስተሩን እያየ ባትሪው አጠገብ ተቀመጠ። ሰባት ሰዓት ላይ መቆጣጠሪያዋ ቀጭ ብላ ዘጋች። ጥቂት ቆይታ ከፈተች፤ እንደገና ዘጋች። ባትሪው ድምፅ አላሰማም።

በንግሡ ዋዜማ ግቢው በብርሃን ተሞላ። ጋሼ አየለ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «እኔ እኮ አንተን አላውቅህም? እጅህ የተባረከ ነው። ያቺን ልጅ ሳንጠራት ቀረን።»

ምስጋናው ዓለሙን ጣፈጠው። አራት ዓመት የናፈቀው ይህችን ነበር፤ አንዲት ቃል ባይናገር ሙሉ በሙሉ የራሱ ትሆናለች። ሕፃናት በአምፖሎቹ ሥር ሲሮጡ አየ።

«ባትሪውን ያዳነችው እሷ ናት» አለ በመጨረሻ። «ጥፋቱ የኔ ሰም ነበር። ሙሀባ ባታሳየኝ ኖሮ ዛሬም ይፈላ ነበር።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጠበቡ። «ይህን ለሰው ልናገረው?»

«ይናገሩት» አለ ዓለሙ፤ ወዲያው ግን ቆጨው። ቁጭቱን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባና፣ የሰም ማንጠባጠቢያ የነበረችውን ጧፍ ከሚካኤል ሥዕል ፊት አብርቶ ተንበረከከ። ስለ ሳምራዊት አመሰገነ። ከዚያ ለንስሐ አባቱ ‘ሐሳብ’ ብሎ ያለፋትን፣ ቅናት ብሎ በስሟ ጠርቶ ተናገረ።

ከንግሡ ማግስት፣ ሱቆች እንደተከፈቱ፣ ሙሀባ ጋ ሄደ። በሩ ላይ ቆመ።

«ድሮ ስለ ትራንዚስተር ጠይቀሽኝ ነበር።»

«አዎ። አሉሚኒየም ለጥፊ አሉኝ።»

«ግማሹን ነው የነገርኩሽ። ደብቄሽ ነው። የሚግለው በግማሽ ስለሚከፈት ነው። በደንብ እንዲከፈት ከፍ ያለ ቮልት ልትሰጪው ይገባል፤ ሲዘጋም...»

«ሲዘጋም ውስጡ የቀረው እንዲፈስ አንዲት ሬዚስተር ወደ መሬት» አለች ሙሀባ። ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «ውይ ጋሼ! እሱንማ ካወቅሁት ሁለት ዓመት አለፈኝ። አሥራ አንድ ትራንዚስተር አቃጥዬ ደረስኩበት።»

የጥንቷ እሳት ደረቱ ውስጥ ቦግ አለች። እሱን ሁለት ክረምት የፈጀበትን በአሥራ አንድ ትራንዚስተር!

«ታዲያ ለምን ዝም ብለሽ ታስለፈልፊኛለሽ?»

«ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ ነዋ። ቆሙሳ፣ ይቀመጡ እንጂ። ሁለት ባትሪ አንድ ላይ ሲታሰር አንዱ ለምን ቀድሞ እንደሚደክም አልገባኝም፤ ይሄን ወላሂ አላውቀውም።» መቀመጫ ዱካውን ገፋችለት።

ዓለሙ መልሱን ያውቃል። ወደ ማዶ ዞር ሲል የራሱን ሱቅ አየ። ባጃጅ ቆሟል፤ አንድ ገበሬ ጣሳ በብብቱ ይዞ በሩን ያንኳኳል።

«ደንበኛ መጣልዎ» አለች ሙሀባ።

«ይጠብቅ» አለና ተቀመጠ።