ዝናቡ ሳይቀድማት

ቡታጅራ፣ አንዲት ሴት ጎሚስታ ቤቱ ፊት ለፊት መኪናዋን አቁማ የሾፌሩ ወንበር ላይ ቆማለች። ግማሽ አካሏ በተከፈተው ሰንሩፍ፣ በጣሪያው መስኮት፣ ወጥቷል። የለበሰችው የወንድ ጃኬት እጅጌው እየረዘመባት ደጋግማ ትሰበስበዋለች። የኋላ ወንበር ላይ አባቷ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ተኝተዋል፤ ዛሬ ጠዋት ነው ኦፕራሲዮን የተደረጉት።

"ውሃ እንዳይነካው ተብሏል፤ ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል" አለችን፣ ደጁ ላይ ቆመን ለምናያት። ከተራራው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

የጣሪያው ጥግ ላይ ያለችው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ በቅጠልና በአቧራ ተደፍናለች፤ ውሃው ወደ ውስጥ የሚፈሰው ለዚህ ነው። ጎሚስታው ሽቦ ሲያቀብላት፣ "አይ ወንድሜ፣ ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል" ብላ ወፈር ያለ የናይለን ክር በቀስታ አስገባች።

"ማን አሳየሽ?" አላት።

"ባለቤቴ። መኪናዋ የእሱ ነበረች።"

ጎሚስታው ሽቦውን አስቀምጦ ውሃ በጣሳ አቀበላት።

ቢስሚላህ ብላ ቀዳዳዋ ላይ ጥቂት ውሃ አፈሰሰች፤ አልወረደም። ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም ክሩን እንደገና ሰደደችው። ከቱቦው ጫፍ፣ ከፊት ጎማው አጠገብ፣ ጥቁር ጭቃ ዱብ አለ፤ ውሃውም ተከትሎት ወረደ።

ዶፉ ሲጀምር ሰንሩፉን ዘግታ ወደ ኋላ ዞረች፤ መዳፏንም ከአባቷ ፊት በላይ ዘርግታ ጠበቀች።

"ዘነበ እንዴ?" አሉ አዛውንቱ።

"አዎ አባዬ፤ ውጭ ነው" አለቻቸው።