የሸማኔ ጣትና የሄር ኤርነስት ቦምብ ጣይ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲያወራ ከቤቱ የሚወጣው በሌሊት ነው፤ ውሻ ይጮኻል፣ እናት ታለቅሳለች። እኔ ከኦቾሎ፣ ጋሞ ተራራ ላይ ካለችው መንደራችን፣ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ሦስት ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ነው። ወደ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ የምወርድ መስዬ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "ዛሬ ምን ይዘሃል?" ይለኛል፤ እኔም "ያው ጋቢ ነው" እላለሁ። መሄዴን የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር። በሬውን ሸጦ ለመንገዴ ሰጥቶኝ፣ እሱ ግን ከሽመና ጉድጓዱ እንኳ አልወጣም። መወርወሪያውን እንደያዘ "ሂድ እንግዲህ፣ መንገዱ ይቅናህ" አለኝ። ፊቴን አላየም። ቢያየኝ እንደማይለቀኝ አውቆ ነው፤ እኔ ያኔ አልገባኝምና እስከ አርባ ምንጭ ድረስ ተቀይሜው ወረድኩ።

ለምን ሄድክ ትሉኝ ይሆናል። ወደ ኦቾሎ ከመመለሴ በፊት አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ስድስት ዓመት ሸምኛለሁ። እኔ የሠራሁትን ጥበብ ለብሳ ለሠርግ የምትሄድ ሴትዮ፣ በደጃፌ ስታልፍ "ቁጢት በጣሽ" ብላ በሸማኔነቴ ሰድባኛለች። የለበሰችውን ማን የሠራው መሰላት? ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ አዲስ ዘመን መጣ ሲል፣ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ "የኔስ መቼ ነው?" እል ነበር። በሞያሌ ወጣሁ፣ ናይሮቢ አንድ ዓመት ተንከራተትኩ፣ በሰው ፓስፖርት ጀርመን ገባሁ።

ካምፕ ውስጥ ጋሽ ታደለ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነበር። ለአበሻው ሁሉ ኬዝ የሚጽፈው እሱ ነው። ኬዝ ማለት ለምን እንደተሰደድክ ለጀርመን መንግሥት የምትናገረው ታሪክ ነው፤ ካመኑህ ትኖራለህ፣ ካላመኑህ ትመለሳለህ።

"ምን አደረጉህ?" አለኝ ጋሽ ታደለ።

"ማን?"

"መንግሥት ነዋ!"

"ኧረ ምንም።"

"ምንም ብለህ ጀርመን ልትኖር ነው? ሥራህ ምን ነበር?"

"ሸማኔ ነኝ።"

"በቃ! አስረው ጣቶችህን ሰብረውብሃል። ከእንግዲህ መሸመን አትችልም። ይኼ እንኳን ጀርመንን ድንጋይን ያስለቅሳል!"

በኛ አገር ሰው ያላገኘውን ሕመም "አገኘኝ" ካለ ጎሜ ይይዘዋል ይባላል፤ በአፉ የጠራው ነገር እቤቱ ይመጣል ማለት ነው። ይህን ለጋሽ ታደለ ብነግረው "ጎሜ ቪዛ የለውም፣ እዚህ አይገባም" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያናድደኛል።

ለቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። ባለሥልጣኑ ሻይ አስመጣልኝ። አስተርጓሚዋ መነጽር ያደረገች የኛው ልጅ ናት።

"የትኞቹ ጣቶች ናቸው የተሰበሩት?" አለ።

"ሁሉም።"

"አስሩም?"

"አስሩም።"

"አሁን ሻዩን ሲያማስል አየሁት እኮ!"

አስተርጓሚዋ አንገቷን ደፍታ በአማርኛ "የኔ ወንድም፣ በእናትህ ትንሽ ቀንስ" አለችኝ። እንደ ሲቀላ ገበያ ተከራክረን በሁለት ተስማማን፤ የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት። ተጻፈ፣ ፈረምኩ። ያውም በግራ እጄ ፈረምኩ፤ ብልጥ መሆኔ ነው።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ከተማ ወሰዱኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ሄር ኤርነስት ከሚባል ሽማግሌ ቤት አንዲት ክፍል ተከራየልኝ፤ ሄር እንደኛ አቶ ማለት ነው። ጉሙ የኛ ደጋ የጨንቻ ጉም ነው፣ ብርዱም የጨንቻ ብርድ ነው፤ ልዩነቱ በጨንቻ ጉም ውስጥ የማታየው ሰው እንኳ ሰላም ይልሃል። እዚህ ፊት ለፊት ተጋጭተንም አያናግሩኝም። ዳቦአቸው ጥርስ ይሰብራል። ቆጮ በዳጣ ሲያምረኝ ትራሴን ነክሼ እተኛለሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ከሁሉ የከፋው ግን እጄ ነበር። ቀኝ እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ሰባት ወር በግራ በላሁ። ያሳደገኝ ሰው ቢያይ ምን ይለኝ ነበር?

ሄር ኤርነስት ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅ የለውም። ምድር ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው የፕላስቲክ አውሮፕላን ነው። በካርቶን ይገዛዋል፤ ክንፉም፣ ጎማውም፣ ትናንሽ ሰዎቹም በቁርጥራጭ ነው የሚመጡት። በምላጭ እየቆረጠ፣ በወረንጦ እየያዘ፣ በሙጫ እየገጠመ፣ ቀለም ይቀባል። የሚሠራው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ በዚያ በትልቁ ጦርነት ጊዜ የነበረውን፣ ባለ ሁለት ሞተር የጀርመን ቦምብ ጣይ። መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ነበሩ፣ አሥራ አንዱም አንድ ናቸው፣ አሥራ አንዱም ጠማማ ናቸው። ምክንያቱም እጁ ይንቀጠቀጣል። ቡናው ከስኒው ወደ ሱሪው ነው የሚሄደው።

አንድ ቀን ቆሻሻ ላወጣ ወርጄ፣ የሬዲዮ ሽቦ ብሎ ከአውሮፕላኑ ጀርባ እስከ ጭራው ክር ሲወጥር አገኘሁት። ከሚስቱ የእግር ሹራብ የተመዘዘ ክር ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። ወጠረው፣ ተበጠሰ። "ሻይሰ!" አለ፤ ስድባቸው ነው።

እንግዲህ ስሙኝ። በኦቾሎ የማንም ክር ይበጠስ፣ አጠገቡ ያለው ሸማኔ ነው የሚቀጥለው። የምትጠላው ሰው ክር ቢሆንም ትቀጥላለህ፤ ሰላምታ እንኳ ከክሩ በኋላ ነው። ክር ተበጥሶ እያየ ዝም ያለ ሸማኔ አልተፈጠረም። እጄ ከፋሻው መቼ እንደወጣ አላውቅም። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ምራቅ አስነክቼ ቋጠርኩት። ቋጠሮው አይታይም ነበር።

ሄር ኤርነስት ክሩን አየ፣ ጣቴን አየ፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፋሻ አየ።

"ሰባት ወር በረዶ ያልጠረግክልኝ በዚህ እጅ ነው?" አለኝ።

ይህን ያህል ጀርመንኛ በሰባት ወር ለቅሜያለሁ። ስለ ኬዜ አያውቅም፤ ስንፍና መስሎት ነው። ወንበር ሳበ። "ተቀመጥ። ከዛሬ ጀምሮ እጄ አንተ ነህ። እምቢ ካልክ ለማዘጋጃ ቤቱ እነግራለሁ።" ይኸው፣ ከጀርመን መንግሥት የደበቅኩትን እጅ ለአንድ ሽማግሌ ገበርኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እፍረት ነው ግን ደስ አለኝ! ሰባት ወር የታሰረ ጣት ሥራ ሲያገኝ እንደ ጥጃ ይዘላል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ መስታወት በትናንሽ መስኮቶች የተከፋፈለ ነው፤ በመስኮቶቹ መሀል ያለውን ቀጭን ፍሬም መቀባት ነው ሽማግሌውን ያሸነፈው። እኔ የነጠላ ጥለት ስሠራ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ፕላስተር በቀጭኑ ሰንጥቄ እየለጠፍኩ ቀባሁት። ሄር ኤርነስት በማጉያ መነጽር አይቶ አለቀሰ።

"እኔ እዚህ ነበርኩ" አለ፤ መስታወቱ ውስጥ በደረቱ የተኛውን ትንሽ ሰው በወረንጦ እያሳየኝ። "ቦምቡን የምለቀው እኔ ነበርኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር።"

"ማን ላይ ነው የምትለቀው?"

"ታች።"

"ታች ማን ነበር?"

"ከላይ አይታይም" አለና ሙጫውን አቀበለኝ።

በረዶው ሲቀልጥ የከተማው ሞዴል ሠሪዎች ውድድር ሆነ። ሄር ኤርነስት የኔን ሥራ የራሱ ነው ብሎ ይዞ ቀረበ። እኔ እንደ አሽከር ካርቶኑን ተሸክሜ ከኋላ ቆሜያለሁ። ዳኞቹ አዩት፣ ተያዩ፣ ሳቁ። "ኤርነስት፣ አንተ ይህን ልትሠራ? የሱሪህን ቁልፍ የሚቆልፍልህ ማነው?" አሉት። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ቀላ። አጭበርባሪ ከሚባል ብሎ ክንዴን ጨምድዶ ወደ መሀል ጎተተኝና "ይኸው እጄ! ይህ ነው የሠራው!" ብሎ ጮኸ። ክር ሰጡኝ፣ ቋጠርኩ፤ ምን ላድርግ? አጨበጨቡ። ካሜራ በራ። "ፎቶ ተው፣ ናይን፣ ቢተ፣ ናይን!" ብዬ ብለምን ትሕትና መሰላቸው።

የከተማው ጋዜጣ ላይ ወጣሁ፤ ጣቶቼ ከፊቴ ገዝፈው። ከሥሩ "ተአምረኛው የኢትዮጵያ ሸማኔ" ይላል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠሩኝ። ያ ባለሥልጣን ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"ይህ ማነው?"

"እኔን ይመስላል።"

"ይመስላል?"

"ለናንተ ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?"

አስተርጓሚዋ መነጽሯን አወለቀች። "ይህን አልተረጉምልህም" አለችኝ። ባለሥልጣኑ ግን ያለ ትርጉም ገባው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪም ጣቶቼን በራጅ እንዲያይ ቀጠሮ ሰጠኝ። ስብራት ከተገኘ እኖራለሁ፣ ካልተገኘ እመለሳለሁ።

ለጋሽ ታደለ ደወልኩ። "ወንድሜ፣ እንግዲህ ወይ ኬዝህን ታድነዋለህ ወይ ኬዝህ ይጥልሃል" ብሎ ዘጋ። ሄር ኤርነስትን "ጋዜጣው ተሳስቷል ብለህ ጻፍልኝ" ብዬ ለመንኩት። "እውነት ሰውን አይጎዳም" አለኝ። ይህን የሚለኝ ከላይ አይታይም ያለው ሰውዬ ነው!

አባቴ በሬውን ሸጧል። ባዶ እጄን ተመልሼ ኦቾሎ ዳገት ላይ "ጋቢውን ሸጥከው?" ሊሉኝ ነው? ምድር ቤቱ ውስጥ ሞርሳ አለ፤ እንጨት ጠፍሮ የሚይዝ ብረት ነው። ሽማግሌው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበር። የቀኜን ሁለቱን ጣቶች አስገብቼ በግራዬ አጠበቅኩት። ዝርዝሩን ተዉት። ድምፁን ብቻ እነግራችኋለሁ፤ ያ የአውሮፕላን ፕላስቲክ ሲቆረጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ጎሜ እኔን አልያዘኝም፣ እኔ ራሴ ሄጄ ያዝኩት።

ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ፈራሁ። ወጌሻ ከየት ይመጣል? በክር ጠፍሬ አሰርኩት፤ ጠምሞ ገጠመ። ሄር ኤርነስት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እጄን ሲያይ ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ። እኔ ጅሉ አዘነልኝ ብዬ ላጽናናው ስጠጋ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግማሽ አውሮፕላን እያየ "አሁን ይህን ማን ይጨርስልኛል?" አለ።

ቀጠሮው ደረሰ። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቀለ፤ ረጅም ጊዜ አየው።

"ተሰብሯል" አለ። ልቤ ዘለለች። "ሁለቱም ተሰብረዋል። ግን ስብራቱ ትኩስ ነው፤ ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው።"

ባለሥልጣኑ ፋይሉን ገለጠ። "እዚህ ላይ ከአራት ዓመት በፊት አገርህ እስር ቤት ውስጥ ይላል። እስር ቤቱ ጀርመን ነበር እንዴ?"

አስተርጓሚዋ ተረጎመችና ፊቷን አዞረች። ደብዳቤው በአሥር ቀን መጣ፤ በነሱ በጋ ማለቂያ አገሩን ልቀቅ ይላል።

ለአባቴ በሰው መልእክት ልኬ፣ ቀን ቆርጬ ሲቀላ ስልክ ቤት ደወልኩለት። "የኦቾሎ ሽማግሌ! የጀርመን ስልክ!" ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ የአባቴ ትንፋሽ መጣ። ስልክ ይዞ አያውቅም፣ ይጮኻል። በጋሞኛ ነው የተነጋገርነው። ወረቀት እንደከለከሉኝ፣ እንደሚመልሱኝ ነገርኩት። ስለ ጣቴ ግን አልነገርኩትም። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ በሬውን ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ሳቀ! በሕይወቴ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

"ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?" አለኝ። "እነሱ ወረቀት ከለከሉህ እንጂ ጣትህን አልወሰዱብህ! የኔ ዓይን ፈዟል፣ ክሩ ሲበጠስ አላየውም። ጣትህን ይዘህ ና ልጄ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"እሺ አባዬ" አልኩት።